የበጋችሁን ዓይን ገልጣችሁ አንብቡ



ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ ወዲህ ብዙ ነገር አንብባችኋል። ዛሬ ደግሞ በወረቀት ላይ ያልተጻፈ ነገር እንድታነቡ እንጠይቃችኋለን። እሱም የበጋችሁ ዓይን ነው። አዎን፣ የበግ ዓይን ይነበባል! ቀይ ሲሆን አንድ ነገር ይናገራል፤ ሲነጣ ሌላ ነገር ይናገራል። ይህን ንባብ የሚያውቅ ገበሬ በጉ ሳይሞት ይደርስለታል። የማያውቀው ግን አንድ ቀን ጠዋት በረቱን ሲከፍት ጠቦቱን ተዘርሮ ያገኘዋል።

በግ በገበሬ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የልጅ ደብተርና ልብስ፣ የሕመም ቀን መታከሚያ፣ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ፣ የዓመት በዓል ደስታ ሁሉ ከዚያች በረት ነው የሚወጣው። ታዲያ ያ በግ በየቀኑ እየከሳ፣ ደሙ እያለቀ ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት ይገባል? አይገባም።

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ጥያቄ እናነሣለን። አንደኛ፣ ደም ከምን ይሠራል? ሁለተኛ፣ የበጋችንን ደም የሚጠጣው ማን ነው? ሦስተኛ፣ ከግጦሽ በላይ የምንጨምርለት መኖ ለእድገቱና ለደሙ ምን ይጠቅመዋል?

ደም ከምን ይሠራል?

ደም ከመኖ ይሠራል። በግ የበላው ሣር በሆዱ ይፈጫል። ከዚያ የሚወጣው ምግብ ሥጋም፣ ጠጉርም፣ ወተትም፣ ደምም ይሆናል። የሚበላው ሲያንስ እነዚህ ሁሉ ያንሳሉ።

በደም ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ እጅግ ብዙ ቀይ ሕዋሶች አሉ። ሥራቸው ከሳንባ ንጹሕ አየር ተሸክሞ ለሰውነት ሁሉ ማደል ነው። ደምን ቀይ የሚያደርገው ነገር ሄሞግሎቢን ይባላል። ይህም የሚሠራው በተለይ ከሁለት ነገሮች ነው። አንዱ ብረት የሚባለው ማዕድን ነው። ሁለተኛው ገንቢ ምግብ ወይም ፕሮቲን የሚባለው ነው።

ነገሩን ከሞፈርና ከማረሻ ጋር አስተያዩት። ማረሻው ብረት ነው፤ ሞፈሩ እንጨት ነው። ማረሻ ብቻ ይዞ ማረስ አይቻልም። ሞፈር ብቻ ይዞም ማረስ አይቻልም። ደምም እንደዚሁ ነው። ብረቱ ቢኖር ገንቢ ምግቡ ከሌለ፣ ወይም ገንቢ ምግቡ ኖሮ ብረቱ ከሌለ፣ ደም ይጎድላል። ይህም የደም ማነስ ይባላል።

ከአሳማ ግልገል የተገኘ ትምህርት

አሳማ በብዙዎቻችን ቤት አይረባም። ነገር ግን መኖና ደም ምን ያህል እንደተቆራኙ በደንብ የሚያሳየን የአሳማ ግልገል ነውና ታሪኩን ስሙት።

የአሳማ ግልገል ሲወለድ በሰውነቱ ውስጥ የሚገኘው ብረት 50 ሚሊግራም ያህል ነው። አንድ ሚሊግራም ማለት የአንድ ግራም አንድ ሺህኛ ነው። ግልገሉ ቶሎ ስለሚያድግ በየቀኑ 7 ሚሊግራም ያህል ብረት ይፈልጋል። ከእናቱ ወተት የሚያገኘው ግን በቀን 1 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። እስቲ በተማራችሁት ሒሳብ አስሉት። ከ7 ላይ 1 ሲቀነስ 6 ይቀራል። ስለዚህ በየቀኑ 6 ሚሊግራም ይጎድለዋል። ይህን ጉድለት ከተወለደበት ስንቅ ላይ እያነሣ ይሞላል። 50 ለ6 ሲካፈል 8 ይደርሳል፣ ጥቂት ይተርፋል። እንግዲህ ስንቁ ከ8 ወይም ከ9 ቀን አያልፍም ማለት ነው!

ግልገሉ በሜዳ ከዋለ አፈር እየቆፈረ ብረቱን ከአፈሩ ያገኛል። በሲሚንቶ ወለል ላይ ከተዘጋበት ግን በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይገረጣል፣ ማደጉን ያቆማል፣ ሲሮጥ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ስለዚህ አሳማ በሚረባባቸው አገሮች ግልገሉ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ 200 ሚሊግራም ያህል ብረት በመርፌ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ደሙም ይቀላል፣ ሰውነቱም ያድጋል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ እድገትና ደም አብረው የሚሄዱ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ ለእንስሳ መኖ ከመጨመር በፊት የጎደለውን ማወቅ እንደሚገባ ነው። ለአሳማ ግልገል የጎደለው ብረት ነበር። በሜዳ የሚውል በግስ ምን ይጎድለዋል? በግ ከሣሩ ጋር አፈርም ስለሚልስ ብረት ብዙውን ጊዜ አይቸግረውም። እሱን የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው። በአንድ በኩል ገንቢ ምግብ ያንሰዋል። በሌላ በኩል ያለውን ደም የሚጠጣበት ጠላት አለ።

ደሙን የሚጠጣው ማን ነው?

ዋናው ጠላት በበግ አራተኛ ሆድ ውስጥ የሚኖር የሆድ ትል ነው። ሊቃውንት ሄሞንከስ ይሉታል። ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ሴቷ ትል ቀይና ነጭ ክር አንድ ላይ የተገመደባት ትመስላለች። ቀዩ የጠጣችው ደም ነው። የሞተ በግ ሆድ ሲከፈት እነዚህን ትሎች በዓይናችሁ ልታዩአቸው ትችላላችሁ።

አንድ ትል የሚጠጣው ደም ትንሽ ነው። 20 ትሎች በቀን የሚጠጡት ተደምሮ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። «ታዲያ ይህ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ችግሩ ትሎቹ 20 ብቻ አለመሆናቸው ነው። 1,000 ትል ያለበት በግ በቀን 50 ሚሊ ሊትር ደም ያጣል። ይህ የቡና ሲኒ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን ጠቦት ያለው ደም ሁሉ ተደምሮ 1 ሊትር ገደማ ነው። በየቀኑ ከ1 ሊትር ላይ አንድ ሲኒ እየተቀዳ ስንት ቀን ይቆማል?

ትሉ እንዴት ይበዛል? አንዲት ሴት ትል በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከበጠጥ ጋር በሜዳ ላይ ይወድቃል። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ይፈለፈልና አድጎ በሣር ላይ ይወጣል። በጉ ሣሩን ሲግጥ አብሮ ይውጠዋል። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ደግሞ የተዋጠው ትል ራሱ እንቁላል መጣል ይጀምራል። በክረምትና ከክረምት መውጫ ላይ በጎች የሚጎዱት ስለዚህ ነው። ሞቅ ባለ አገር ደግሞ ይብሳል።

ረግረግ በሆነ ቦታ ሌላም ጠላት አለ። እሱም የጉበት ትል ነው። የሚራባው በውሃ ዳር በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ አማካይነት ነው። እሱም የበጉን ጉበት ይበሳል፣ ደሙንም ያሳንሳል።

ዓይኑ እንዴት ይነበባል?

በ1990ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የደቡብ አፍሪካ የእንስሳት ሐኪሞች አንድ ቀላል ዘዴ አበጁ። ፋማቻ ይባላል። ስሙም ፋፋ ማላን ከሚባሉት ሐኪም ስም የተወሰደ ነው። ዘዴው የበጉን የዓይን ቆብ ውስጠኛ ቀለም ከአንድ ባለ 5 ቀለም ካርድ ጋር ማስተያየት ነው። ካርዱ ቢኖር መልካም ነው። ባይኖርም ልዩነቱን በዓይን ማየት ይለመዳል።

እንዲህ አድርጉ፦

1. በጉን በደንብ ያዙት። በጥላ ወይም በቤት ውስጥ ሳይሆን በቀን ብርሃን ላይ አቁሙት።

2. በአንዱ አውራ ጣት የላይኛውን የዓይን ቆብ በቀስታ ጫን አድርጉ። በሌላው አውራ ጣት የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጉ።

3. የታችኛውን ቆብ ውስጡን ቶሎ እዩ። ብዙ ከያዛችሁት ይቀላልና ያሳስታችኋል።

4. ሌላውንም ዓይን እዩ።

ውስጡ ደማቅ ቀይ ከሆነ ደሙ ሙሉ ነው። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ከሆነ ተጠንቀቁ። እንደ ወረቀት ከነጣ በጉ ሞት አፋፍ ላይ ነው። ያን ቀን ሳታሳድሩ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ሂዱ። ከመንጋጋው ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ካያችሁም እንዲሁ አድርጉ። ሰውነቱ ሞልቶ የሚታይ በግ እንኳ ዓይኑ ነጥቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በሰውነቱ ብቻ አትፍረዱ። በክረምት ወራት በየሁለት ሳምንቱ፣ በበጋ በወር አንድ ጊዜ ብታዩ መልካም ነው።

መኖ ለምን ይጨመራል?

በማታው ትምህርት ላይ አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠየቁ። «ልጄ፣ ትል ካለበት መድኃኒት መስጠት ነው እንጂ ፋጉሎ ምን ያደርጋል?»

ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱም ይኸው። አባባ፣ ጎተራዎ ውስጥ አይጥ ቢገባ አይጡን ማጥፋት አንድ ሥራ ነው። አይጡ የበላውን እህል መሙላት ግን ሌላ ሥራ ነው። መድኃኒት ትሉን ይገድላል። የፈሰሰውን ደም ግን አይመልስም። ደሙን የሚመልሰው መኖ ነው። ከዚህም በላይ ገንቢ ምግብ ያገኘ በግ ሰውነቱ ትሉን ራሱ ይዋጋዋል። የሚገባውን ትል ያሳንሳል፣ የገባውንም ያዳክማል። የራበው በግ ግን ለዚህ ውጊያ የሚሆን ስንቅ የለውም።

አሁን ደግሞ የምንሰጠውን መኖ እንመልከት። በበጋ በጎቻችን የሚበሉት የደረቀ ሣር ወይም የገብስና የጤፍ ጭድ ነው። ከ100 ኪሎ የእህል ጭድ ውስጥ ገንቢ ምግቡ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ከ7 ኪሎ በታች ሲሆን ደግሞ በበጉ ሆድ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ይራባሉ። ጭዱን የሚያፈርሱት እነሱ ናቸው። እነሱ ሲራቡ ጭዱ በሆድ ውስጥ ሳይፈጭ ይቆያል። ሆዱ የሞላ መስሎ በጉ ይከሳል። አያችሁ? በግ ሆዱ ሞልቶም ይራባል!

የኑግ ፋጉሎ ግን ከ100 ኪሎው ውስጥ 30 ኪሎ ያህል ገንቢ ምግብ አለው። ጥቂት ፋጉሎ ሲጨመር እነዚያ ጥቃቅን ሠራተኞች ይበረታሉ፤ ጭዱም ይፈጫል። ስለዚህ ፋጉሎው ራሱ ከሚሰጠው ጥቅም ሌላ ጭዱንም እንዲጠቅም ያደርገዋል።

ምን እንስጥ? ስንትስ እንስጥ?

ሁለት እጅ የስንዴ ፉርሽካና አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ ቀላቅሉ። ለሚያድግ በግ በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም ይበቃዋል። ጭዱን ወይም ድርቆሹን አታስቀሩበት። በአንድ ቀን ሙሉውን አትስጡ። በጥቂቱ ጀምራችሁ በ10 ቀን ውስጥ ሙሉ አድርጉት። እህል በድንገት የበዛለት በግ ሆዱ ይቆመጥጥና ሊሞት ይችላል።

«ገንዘብ የለኝም» የሚል አንባቢ አለ? እሱም መላ አለው። የባቄላ፣ የአተርና የሽምብራ ገለባ ከገብስ ጭድ ይሻላል። ሜዳ ላይ አትበትኑት፣ ከዝናብ ጠብቁት። የጠላ አተላም ይጠቅማል። በአጥር ዙሪያ ሰስባኒያ ወይም ትሪሉሰርን ብትተክሉ ቅጠሉ ገንቢ መኖ ነው። አጥርም፣ መኖም፣ ማገዶም ይሆናል።

ጨው አትርሱ። አሞሌ በበረት ውስጥ ቢንጠለጠል በጎቹ እየላሱ ይበላሉ። ቦሌ የሚገኝበት አገር ያላችሁም ታውቁታላችሁ። ጨው የመብላት ፍላጎት ይጨምራል። ንጹሕ ውሃም በየቀኑ ያስፈልጋል።

መኖው ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ማን ይቅደም? መጀመሪያ ለመውለድ አንድ ወር ተኩል የቀራትና ያጠባች እናት በግ ትቅደም። በዚያ ጊዜ ሰውነቷ ትሉን የመዋጋት ኃይሉ ስለሚቀንስ በበጠጧ የምትጥለው የትል እንቁላል ይበዛል። እሷን መመገብ ሜዳውንም ማጽዳት ነው። ከዚያ ጡት የተዉ ግልገሎች ይቀጥሉ። ለገበያ የሚቀለቡት በስተመጨረሻ ይሁኑ።

ለገበያ የምትቀልቡ ከሆነ ወጪውን አስቀድማችሁ አስሉ። አንድ በግ በቀን 250 ግራም ቢበላ በ90 ቀን ስንት ይሆናል? 250 በ90 ሲባዛ 22,500 ግራም ነው። ይህም 22 ኪሎ ተኩል ነው። ይህን በገበያችሁ ባለው የመኖ ዋጋ አባዙ። ከዚያ የከሳ በግና የሰባ በግ ዋጋ በገበያችሁ ምን ያህል እንደሚለያይ ጠይቁ። ልዩነቱ ከወጪው ከበለጠ ቀልቡ። ካነሰ ተዉት። ነጋዴው ሲያሰላ እናንተ ለምን አታሰሉም?

ከእነዚህ ተጠንቀቁ

የሻገተ ፋጉሎ አትስጡ። ሻጋታው መርዝ አለው። የምታልብ እንስሳ ከበላችው መርዙ በወተት ወደ ልጆቻችሁ ሊደርስ ይችላል።

ለአሳማ ወይም ለዶሮ የተዘጋጀ መኖ ለበግ አትስጡ። በአሳማ መኖ ውስጥ ለእድገት ተብሎ መዳብ የሚባል ማዕድን በብዛት ይጨመራል። አሳማውን የሚያሳድገው ያ መዳብ በጉን ይገድለዋል። በበጉ ጉበት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጠራቀምና አንድ ቀን የደሙን ቀይ ሕዋስ በድንገት ያፈርሰዋል። ሽንቱ ይጠቁራል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። እንግዲህ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው።

መድኃኒት በግምት አትስጡ። ከገበያ መሬት ላይ አትግዙ። ልኩ በበጉ ክብደት ነው። ሲያንስ ደካማው ትል ይሞትና ጠንካራው ይተርፋል። የተረፈውም መድኃኒት የማይነካው ዘር ያፈራል። ለመንጋው ሁሉ በየጊዜው ማጠጣትም ይህንኑ ያመጣል። ከመንጋው ውስጥ ብዙውን ትል የሚሸከሙት ጥቂቶቹ ናቸውና ዓይናቸው የነጣውን ለይታችሁ ለባለሙያ አሳዩ። በግዋ እርጉዝ ከሆነች ይህንንም ንገሩት። አልቤንዳዞል የሚባለው መድኃኒት በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ወር ፅንሱን ይጎዳል።

ግጦሹንም ጠብቁ። ጤዛ ሳይረግፍ ግልገሎችን አታውጡ። ትሉ በጤዛው ላይ ወደ ሣሩ ጫፍ ይወጣል። ሣሩ እስከ መሬት ተግጦ ባለቀበት ሜዳ ላይም አታቆዩአቸው። ረግረጉን ተዉት።

ደብተር ያዙ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የተማራችሁት ጽሕፈት ሥራ ላይ ይዋል። አንድ ደብተር ያዙና በአምስት መደብ ክፈሉት። በመጀመሪያው ቀኑን ጻፉ። በሁለተኛው የበጉን ስም ወይም ምልክት ጻፉ። በሦስተኛው የዓይኑን ቀለም ጻፉ፤ «ቀይ»፣ «ሮዝ» ወይም «ነጭ» ማለት ይበቃል። በአራተኛው የደረቱን ዙሪያ ጻፉ። በአምስተኛው የሰጣችሁትን መኖና መድኃኒት ጻፉ።

የደረቱ ዙሪያ እንዴት ይለካል? ሚዛን ባይኖራችሁም ሲባጎ አይጠፋችሁም። ሲባጎውን ከፊት እግሮቹ ኋላ በደረቱ ዙሪያ አዙራችሁ በደረሰበት ላይ ቋጥሩ። ከ15 ቀን በኋላ እንደገና ለኩ። ቋጠሮው ወደ ፊት ከሄደ በጉ አድጓል። ባለበት ከቆመ ወይም ወደ ኋላ ከተመለሰ ዓይኑን ገልጣችሁ እዩ። ዓይኑ ቀይ ሆኖ ካላደገ መኖው አንሶታል። ዓይኑ ነጥቶ ካላደገ ደሙን የሚጠጣበት አለ።

ይህን ሥራ ለብቻ መሥራት ይከብዳል። በጎቻችሁ በአንድ ሜዳ የሚውሉ ጎረቤታሞች አንድ ቀን ለይታችሁ አብራችሁ ዓይን እዩ። አንዱ ይያዝ፣ አንዱ ይግለጥ፣ ማንበብ የቻለው ይጻፍ። ፋጉሎም በኅብረት ቢገዛ ማጓጓዣው ይቀላል። የአንዱ ጎረቤት በግ የጣለው የትል እንቁላል የሌላውን በግ ስለሚገድል ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የነጣ ዓይን ጭሱ ነው፤ እሳቱ ሳይነሣ ድረሱለት። ይህን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ላላነበበው ጎረቤት አንብቡለት። ከዚያ ወደ በረቱ ሂዱና ከአንዷ በግ ጀምሩ።